የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቸኮሌትን ለዓለም የሚያቀርቡት እነማን ናቸው?

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አምስቱ ቸኮሌትን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸውና ተያይዘው ቢነበቡ ይበልጥ ስለሚገቡ፣ አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ክርክር ገጥመናል። እኔ ቸኮሌት አምርታ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም አንደኛ ስዊዘርላንድ ናት ስል፣ እርሱ ደግሞ ቤልጂየም ናት ይላል። ማናችን ነን ትክክል? ቀጥለው የሚመጡትስ እነማን ናቸው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ወደ እውነቱ ይበልጥ ተጠግተዋል፤ ይሁን እንጂ የአንደኝነቱን ቦታ ይዛ የቆየችው ሁለታችሁም ያልጠራችኋት ጀርመን ናት። በ2022 ጀርመን ለውጭ ገበያ ያቀረበችው ቸኮሌትና ካካዎ የገባበት የተዘጋጀ ምግብ በገንዘብ ሲተመን ከ5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ቤልጂየም በዚያው ዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ሽያጭ ትከተላታለች። ከዚያ ወዲያ ጣሊያን፣ ፖላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ፈረንሳይ፣ ካናዳና ዩናይትድ ስቴትስ እያንዳንዳቸው 2 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ የሚያወጣ ቸኮሌት ይልካሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነም ቅደም ተከተላቸው ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። እርስዎ ያስቀደሟት ስዊዘርላንድ 1 ቢሊዮን ዶላር በማይደርስ ሽያጭ ከእነዚህ ሁሉ በታች ትገኛለች።

እነዚህን ቁጥሮች ሲያዩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አገሮች ቸኮሌትን የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መዝገብ 1806 በሚለው ቁጥር ሥር ነው፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ ንጹሕ የቸኮሌት ጥፍጥፍ ብቻ ሳይሆን ለውዝና ክሬም የተሞላበት ከረሜላ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው ካካዎ ያለበት ክሬም፣ ለፋብሪካ በጅምላ የሚሸጠው ቸኮሌትም ይቆጠራል። ነጩ ቸኮሌት ደግሞ ከካካዎ ቅቤ በቀር ሌላ የካካዎ ክፍል ስለሌለበት ከዚህ መዝገብ ወጥቶ ከስኳር ጣፋጮች ጋር ይመደባል።

ስዊዘርላንድን ማስቀደምዎ ግን መሠረት አለው፤ ዛሬ የምናውቀው አፍ ላይ ሲገባ የሚሟሟ ቸኮሌት መልኩን ያገኘው በአብዛኛው በዚያች ትንሽ አገር ነውና። ፍራንስዋ ሉዊ ካይዬ በ1819 በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከቬቬ ከተማ አጠገብ የቸኮሌት ፋብሪካ ከፈተ። የእርሱን ልጅ ያገባው ዳንኤል ፒተር ቸኮሌትን ከወተት ጋር ለማዋሐድ ዓመታት ደከመ። ያስቸገረው ውኃ ነበር፤ ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ በመሆኑ ከካካዎው ቅባት ጋር አልዋሐድ ይላል፣ ተዋሕዶ ቢጠጥር እንኳ ውሎ አድሮ ይሻግታል። ፒተር በ1875 መላውን ያገኘው ውኃው ተመጥጦ የወጣለትን ወተት በመጠቀም ሲሆን፣ በዚህ የረዳው ለሕፃናት የሚሆን የወተት ምግብ ያመርት የነበረው ጎረቤቱ ሄንሪ ኔስሌ ነው።

በ1879 ደግሞ በበርን ከተማ የሚኖረው ሮዶልፍ ሊንት ሌላውን ችግር ፈታ። እስከዚያ ድረስ ቸኮሌት ሲያኝኩት እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ነገር ነበር። ሊንት የካካዎውንና የስኳሩን ልቁጥ በረጅም ገንዳ ውስጥ አድርጎ፣ በከባድ መዳመጫ ወዲያና ወዲህ ለብዙ ሰዓታት የሚያሽ ማሽን ሠራ። በመታሸቱ ብዛት ልቁጡ ይሞቃል፤ ኮምጣጣው ጠረን እየተነነ ይወጣል፤ የካካዎው ቅቤም ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ እየሸፈነ ያለሰልሳቸዋል። አንድ ቀን ማሽኑን ሳያጠፋ ሄዶ ከቀናት በኋላ ሲመለስ ገንዳው ውስጥ ያገኘው እንደ ሐር የሚፈስ ቸኮሌት ነው እየተባለ ይተረካል። የታሪኩ እውነትነት ምንም ይሁን ምን፣ ይህ የማሸት ሥራ ዛሬም በየፋብሪካው ይሠራል። ስለዚህ ስዊዘርላንድ በስሟ የታወቀችው በሥራዋ ነው። ሕዝቧ 9 ሚሊዮን ገደማ በመሆኑ ግን ፋብሪካዎቿ በዓመት የሚያመርቱት 200 ሺህ ቶን አካባቢ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ውጭ ትልካለች።

ጀርመንን የቀደመች ያደረጋት ብዙ ነገር በአንድ ቦታ መገኘቱ ነው። ቸኮሌት ሲባል አእምሯችን ወደ ካካዎ ይሄዳል እንጂ፣ በተለመደው የወተት ቸኮሌት ውስጥ በክብደት ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ስኳርና ወተት ናቸው። ጀርመን በወተት ምርት ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቀዳሚ ናት። ስኳርንም በተመለከተ፣ ሹጋር ቢት በሚባለው ሥር ውስጥ ያለው ስኳር ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ጋር አንድ መሆኑን በ1747 ያረጋገጠው አንድሬያስ ማርግራፍ የተባለ የበርሊን ኬሚስት ነበር፤ ዛሬም ጀርመን ይህን ሥር በብዛት ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ላይ ከ80 ሚሊዮን በላይ ቸኮሌት ወዳድ ሕዝብ፣ ጥሬ ካካዎ የሚራገፍበት የሀምቡርግ ወደብ፣ ከአውሮፓ መሐል የሚነሣ የመንገድና የባቡር መረብ አላት። ስለዚህ የውጭ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ፋብሪካቸውን እዚያ ይተክላሉ። ፌሬሮ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ከ1956 ጀምሮ ሽታታሌንዶርፍ በምትባል የጀርመን ከተማ ያመርታል። በስዊዘርላንድ የተወለደውና ሐምራዊ መጠቅለያው የሚታወቀው ሚልካም ዋና ፋብሪካው ያለው ከድንበር ወዲህ በጀርመኗ ሎራክ ከተማ ነው። ከጀርመን የሚወጣው ቸኮሌት በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሩቅ ሳይሆን ወደ ጎረቤት አገሮች ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት አባላት በመካከላቸው ቀረጥ ስለማይጠያየቁ መኪናው ድንበር የሚያቋርጠው ሳይቆም ነው።

ወደ ባልደረባዎ ምርጫ እንመለስ። ቤልጂየም 12 ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ይዛ ሁለተኛ መሆኗ በሕዝቧ ቁጥር ልክ ቢሰላ ከጀርመን እጅግ ያስቀድማታል፤ በእኔ ግምት እውነተኛዋ የቸኮሌት አገር እርሷ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በፕራሊን ነው። ዣን ኑሃውስ የተባለ ሰው በ1857 በብራስልስ መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ በ1912 የልጅ ልጁ በውስጡ ለስላሳ ሙሌት ያለውን ባለ ቅርፊት ቸኮሌት ሠራ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስቱ ሉዊዝ አጎስቲኒ ቸኮሌቱ እርስ በርሱ ተጫጭኖ እንዳይሰባበር ልዩ ሣጥን አዘጋጀችለት። የቤልጂየም ሌላው ጉልበቷ ግን በሱቅ መስኮት አይታይም። በዓለም ትልቁ የቸኮሌት ፋብሪካ የሚገኘው ዊዘ በምትባል የቤልጂየም ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ባለቤቱ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዙሪክ የሆነው ባሪ ካሌባውት ነው። ይህ ኩባንያ በ1996 የቤልጂየሙ ካሌባውትና የፈረንሳዩ ካካዎ ባሪ ተዋሕደው የተፈጠረ ነው። ከፋብሪካው የሚወጣው ቸኮሌት ብዙው በመጠቅለያ የታሸገ አይደለም። ነዳጅ የሚያመላልስ በሚመስል ቦቴ መኪና ውስጥ እንዳይረጋ ሙቀቱ ተጠብቆለት፣ ቀልጦ እንዳለ እየፈሰሰ ተጭኖ ወደ ብስኩት፣ ወደ አይስክሬምና ወደ ኬክ ፋብሪካዎች ይጓዛል። በዚህ የተነሣ የቤልጂየምን ቸኮሌት ሳያውቁት የሚበሉት ሰዎች አውቀው ከሚገዙት ሳይበዙ አይቀሩም።

ኔዘርላንድስን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ከተቆላ የካካዎ ዘር ከግማሽ የሚበልጠው ቅባት ነው፤ በ1828 ይህን ቅባት ጨምቆ ከዱቄቱ የሚለይ መጭመቂያ የፈጠራ መብት የተመዘገበው በዚያ አገር በቫን ሆተን ቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ በፊት ቸኮሌት የሚጠጣ ነገር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ቅቤው ለብቻው ሲገኝ ግን በ1847 የእንግሊዙ የፍራይ ኩባንያ በብሪስቶል ቅቤውን መልሶ ከካካዎና ከስኳር ጋር በማዋሐድ የሚገመጥ ጠጣር ቸኮሌት ለገበያ አቀረበ። አምስተርዳም ዛሬም በዓለም ከሁሉም የሚበልጥ ጥሬ ካካዎ የሚገባበት ወደብ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ካካዎ በብዛት የሚበቅለው በኮትዲቯርና በጋና እንደሆነ ተምረናል። ታዲያ ቸኮሌት ላኪ አገሮች ሲባሉ ለምን እነርሱ አይጠሩም? ፋብሪካ መሥራት አቅቷቸው ነው?

መልስ፦ ከቀረቡልን ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። ኮትዲቯር ብቻዋን በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ፣ ማለትም ከዓለም ምርት 40 በመቶ አካባቢ የሚሆን ካካዎ ታመርታለች፤ ጋና ለረጅም ጊዜ ሁለተኛውን ቦታ ይዛ ቆይታለች። ኢኳዶር፣ ካሜሩን፣ ናይጄሪያ፣ ኢንዶኔዥያና ብራዚልም ዋና ዋና አምራቾች ናቸው። ዛፉ ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት ደኖች የመጣ ሲሆን፣ ወደ ጋና የገባበት ታሪክ ከቴቴ ኳርሺ ስም ጋር ይያያዛል፤ ይህ አንጥረኛ በ1879 ፌርናንዶ ፖ ከምትባለው ደሴት ዘሩን አምጥቶ እንደተከለ ይነገራል። ከ1911 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጋና የዓለም ቀዳሚ ካካዎ አምራች ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ኮትዲቯር በልጣታለች።

ምክንያቱን ለመረዳት ሥራውን ከቅርብ ማየት ይጠቅማል። የካካዎ ፍሬ ከዛፉ ግንድና ከወፍራሞቹ ቅርንጫፎች ላይ ይንጠለጠላል፤ ገበሬው ግንዱን ላለማቁሰል ተጠንቅቆ በገጀራ ይቆርጠዋል። ፍሬው ሲሰነጠቅ በነጭ ጣፋጭ ልስልስ ሥጋ የተሸፈኑ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ዘሮች ይወጣሉ። ዘሮቹ ተከምረው በሙዝ ቅጠል ይሸፈኑና ከአምስት እስከ ሰባት ቀን እንዲብላሉ ይተዋሉ፤ ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ነጩ ሥጋ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ወይን ጠጁ ዘርም ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ይህ መብላላት ካልተደረገ የትኛውም የስዊዘርላንድ ማሽን የቸኮሌት ጣዕም ሊያወጣለት አይችልም። ቀጥሎ በፀሐይ እየተገላበጠ ይደርቃል፤ በጋና 64 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ይሞላል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው ጥቂት ሄክታር መሬት ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ጣዕሙ የሚወለደው እንግዲህ በእነርሱ እጅ ነው።

ከጆንያው ወዲያ ያለው መንገድ በሁለት መከፈሉን ብዙ ሰው ልብ አይልም። የመጀመሪያው ዘሩን ቆልቶና ፈጭቶ ልቁጥ፣ ቅቤና ዱቄት ማድረግ ነው። በዚህ በኩል የአፍሪካ አገሮች አልተኙም፤ ኮትዲቯር በአሁኑ ጊዜ ካካዎ በመፍጨት ከኔዘርላንድስ ጋር የአንደኝነቱን ቦታ ትፎካከራለች። ሆኖም በአቢጃንና በሳን ፔድሮ ወደቦች ካሉት ትልልቅ ወፍጮዎች አብዛኞቹ እንደ ካርጊል፣ ባሪ ካሌባውትና ኦላም ያሉ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። የሚወጣው ልቁጥና ቅቤም ተጭኖ የሚሄደው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ፋብሪካዎች ነው። ሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም የሚበላውን ቸኮሌት መሥራት፣ በኮትዲቯር ጭራሽ የለም ማለት አይደለም፤ በ2015 ሴሞዋ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በአቢጃን የቸኮሌት ፋብሪካ ከፍቷል። ነገር ግን መጠኑ ገና ትንሽ ነው።

ለምን ትንሽ ሆነ? የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ቸኮሌት አፍ ላይ የሚሟሟው የሰውነታችን ሙቀት ከዚህ በጥቂቱ ስለሚበልጥ ነው። ይኸው ግሩም ጠባዩ በሞቃት አገር ጠላቱ ይሆናል፤ ከፋብሪካው ጀምሮ እስከ መርከቡ ድረስ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ከፍ ብሎ እንደተገለጸው ቸኮሌት በብዛት ወተትና ስኳር ነው፤ ካካዎ የሚበቅልባቸው እርጥብና ሞቃት ቦታዎች ደግሞ ለወተት ላሞች የሚመቹ ስላልሆኑ የወተቱ ዱቄት ከውጭ መግባት አለበት። ጥሬ ካካዎ በደረቅ መጋዘን ለወራት ሳይበላሽ ሲቀመጥ፣ ያለቀለት ቸኮሌት ግን ወደ ገዢው ቶሎና ተጠንቅቆ መድረስ ይኖርበታል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ከዛፉ ይልቅ ከበላተኛው አጠገብ የተተከሉት።

የቀረጥ ነገር ዘወትር ይነሣል፤ በርግጥም የአውሮፓ ኅብረት ጥሬ ካካዎን ያለ ቀረጥ እያስገባ በልቁጡ፣ በቅቤውና በዱቄቱ ላይ ቀረጥ የመጣል ሥርዓት አለው። ይሁን እንጂ ኮትዲቯርና ጋና ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ የንግድ ስምምነት መሠረት ከዚህ ቀረጥ ነፃ ስለሆኑ፣ ነገሩን ሁሉ በቀረጥ ማሳበብ ዛሬ ትክክል አይመስለኝም። ይልቅ የሚከብደው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የቸኮሌት ፋብሪካ ለማሽን፣ ለማስታወቂያና ስም ለመገንባት ለብዙ ዓመታት የሚታገሥ ርካሽ ብድር ይፈልጋል። የጋና የካካዎ ቦርድ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2024 ድረስ ምርቱን ከገበሬው የሚገዛበትን ገንዘብ በየዓመቱ ከውጭ ባንኮች ስብስብ ሲበደር የቆየ ሲሆን፣ መያዣው ገና ከዛፍ ያልወረደውና አስቀድሞ የተሸጠው ካካዎ ነበር። ምርቱ በጥሬው እንዲወጣ አስቀድሞ ቃል ከተገባበት፣ ለአገር ውስጥ ፋብሪካ የሚተርፈው ያንሳል።

ጥያቄ፦ ማርስ፣ ኸርሺና ሞንደሊዝ የመሳሰሉት ግዙፍ ኩባንያዎች የአሜሪካ ሆነው ሳለ ዩናይትድ ስቴትስ በላኪነት ለምን አልቀደመችም? ካናዳስ ከዝርዝሩ ውስጥ እንዴት ገባች?

መልስ፦ የኩባንያ ዜግነትና የፋብሪካ አድራሻ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እነዚህ ኩባንያዎች በአውሮፓ የሚሸጡትን በአውሮፓ፣ በእስያ የሚሸጡትንም በብዛት እዚያው ያመርታሉ፤ ያ ሽያጭ በአሜሪካ የውጭ ንግድ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የአሜሪካ ገበያ ራሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነም የአገር ውስጡ ምርት አብዛኛው እዚያው ይበላል፤ እንዲያውም አገሪቱ ከዓለም ትልቋ የቸኮሌት አስገቢ ናት።

የካናዳ ነገር ከስኳር ጋር ይያያዛል። የአሜሪካ መንግሥት የራሱን የስኳር አምራቾች ለመጠበቅ ከውጭ የሚገባውን ስኳር በኮታ ስለሚገድብ፣ የአገር ውስጡ የስኳር ዋጋ ከዓለም ገበያ ዋጋ ከፍ ብሎ ይኖራል። ስለዚህ ጣፋጭ አምራቾች ከድንበር ማዶ ወደ ካናዳና ወደ ሜክሲኮ ተሻግረው በርካሹ ስኳር ማምረትን መረጡ፤ የተመረተውም መልሶ አሜሪካ ይገባል። ካናዳ የምትልከው ቸኮሌት ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚሄደው ወደዚችው ጎረቤቷ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት ማዕዘኑ የስዊዘርላንድ ቸኮሌት መጠቅለያው ላይ የነበረው ተራራ ለምን ተለወጠ?

መልስ፦ የሚጠይቁት ስለ ቶብለሮን ነው። በ1908 በበርን የተጀመረው ይህ ቸኮሌት በመጠቅለያው ላይ ማተርሆርን የተባለውን ታዋቂ የስዊዘርላንድ ተራራ ይዞ ቆይቷል። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የስዊዘርላንድ ሕግ ግን አንድ ምግብ የአገሪቱን ምልክት ለመጠቀም ከጥሬ ዕቃው ቢያንስ 80 በመቶው፣ ወተትና የወተት ውጤት ከሆነ ደግሞ በሙሉ ከአገር ውስጥ የተገኘ፣ ዋናው ሥራም እዚያው የተሠራ መሆን አለበት ይላል። በአገሪቱ የማይበቅለው ካካዎ ከሒሳቡ ውጭ ነው። ባለቤቱ ሞንደሊዝ የምርቱን ከፊል ወደ ስሎቫኪያ ሲያዛውር በ2023 ማተርሆርንን አንሥቶ ማንነቱ በማይለይ ተራራ ተካው። እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ገዢው ለአገሩ ስም ብሎ ተጨማሪ የሚከፍል ከሆነ ስሙ እውነት መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ በ2024 የካካዎ ዋጋ ከመጠን በላይ መናሩን ሰምተን ነበር። የዋጋው መናር ገበሬዎቹን ጠቅሟቸዋል?

መልስ፦ ዋጋው በርግጥ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ነበር የጨመረው። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን በ1977 የተመዘገበው በቶን ከ5 ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ዋጋ ነበር፤ በ2024 የጸደይ ወራት በኒውዮርክ ገበያ 11 ሺህ፣ በዓመቱ መጨረሻም 12 ሺህ ዶላር አልፏል። መነሻው የምዕራብ አፍሪካ ምርት መቀነስ ነው። የዝናቡ መዛባት፣ ፍሬውን የሚያጠቁረው የሻጋታ በሽታ፣ ቅርንጫፉን እያሳበጠ ዛፉን የሚገድለው ቫይረስ፣ የዛፎቹም ማርጀት ተደራርበው መጡ። ይህ ቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ዛፍ ከጎረቤቶቹ ጋር ነቅሎ አዲስ ችግኝ መትከል ያስፈልጋል፣ ችግኙም ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይወስዳል።

ገበሬው ግን በዚያ ከፍታ ላይ አልሸጠም። በኮትዲቯርና በጋና ለገበሬው የሚከፈለውን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ሲሆን፣ የሚወስነውም አብዛኛው ምርት አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ በተሸጠበት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ አሠራር ዋጋ በድንገት ሲወድቅ ገበሬውን የሚከልል ጥላ ነው፤ ዋጋ ሲወጣ ግን ያንኑ ገበሬ ከገበያው ይጋርደዋል። በሚያዝያ 2024 የዓለም ገበያ ለአንድ ኪሎ ከ10 ዶላር በላይ ሲከፍል፣ የኮትዲቯር ገበሬ እንዲያገኝ የተወሰነለት 1,500 የሴፋ ፍራንክ፣ ማለትም 2 ዶላር ተኩል ገደማ ነበር። እርሱም ከ1,000 ፍራንክ ከፍ ተደርጎ ነው። በዚያ ወቅት ብዙ ካካዎ በሌሊት ድንበር እያቋረጠ የተሻለ ዋጋ ወደሚከፈልበት ጎረቤት አገር መሻገሩ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሁለቱ አገሮች ከዚህ በፊትም ገበሬውን ለመደገፍ ሞክረዋል፤ በ2019 ገዢ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ቶን ላይ 400 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍሉ በጋራ ወስነው ነበር። ነገሩ አጣዳፊ የሚሆነው ከድህነቱ ጋር የሕፃናት ጉልበት ስለሚያያዝ ነው። በ2020 የወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ጥናት በሁለቱ አገሮች የካካዎ እርሻዎች ላይ በሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ውስጥ የሚገኙትን 1.56 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። ቸኮሌት ሠሪዎች ይህን ዓይነት ችግር የሰሙት ዛሬ አይደለም፤ በ1909 ካድበሪና ሌሎች የእንግሊዝ ኩባንያዎች በሳኦ ቶሜ ደሴት ካካዎ በግዳጅ ሠራተኞች መመረቱ ሲረጋገጥ ከዚያ መግዛት አቁመው ነበር።

በኋላ ግን የገበሬው ዋጋ ተሻሽሏል። የኮትዲቯር መንግሥት በጥቅምት 2024 ለኪሎ 1,800 ፍራንክ፣ በጥቅምት 2025 ደግሞ 2,800 ፍራንክ፣ ማለትም 5 ዶላር ገደማ ወስኗል። በዚህ ጊዜ የዓለም ገበያ ዋጋ ከከፍታው ወርዶ ግማሽ ያህሉ ላይ ደርሶ ስለነበር፣ በ2024 አራት እጥፍ የነበረው የገበሬውና የገበያው ልዩነት እጅግ ጠብቦ ነበር።